የጤና ምርምርና የነርሲንግ ትምህርት ገንዘብ ከየት ይገኛል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በነርስነት ጀምሬ፣ በመምህርነት ቀጥዬ፣ ኋላም በዩኒቨርሲቲ የምርምር ቢሮ ውስጥ የሰው ፕሮፖዛል ሳነብ ዓመታት አሳልፌያለሁ። የሚደውሉልኝ ሰዎች የሚጠይቁኝ ነገር ስለሚመሳሰል መልሶቼን እዚህ ሰብስቤአቸዋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የገንዘብ ሰጪዎች ደንብ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ ከማመልከትዎ በፊት የዘንድሮውን ማስታወቂያ ራሱን ያንብቡ፤ ጓደኛዎ በቴሌግራም የላከልዎትን ማጠቃለያ ሳይሆን።

የገንዘብ ሰጪዎችን ዝርዝር ሊልኩልኝ ይችላሉ?

ዝርዝር ነበረኝ። ሁለት መቶ ያህል ስሞች የያዘ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የኖረ የኤክሴል ገጽ። ጥቅሙ እንደ አሮጌ የስልክ ማውጫ ነበር፤ አንዳንዱ ድርጅት ተዘግቷል፣ አንዳንዱ ኢትዮጵያዊ አይቀበልም፣ የቀረው ደግሞ ከጠያቂው ሥራ ጋር አይገናኝም።

ከዝርዝር በፊት ገንዘቡ ለምን እንደሚፈለግ መለየት ይበልጣል። የምርምር ሥራ ማስኬጃ አንድ ነገር ነው፤ መረጃ ሰብሳቢ፣ የላቦራቶሪ ኬሚካል፣ መኪና፣ ነዳጅ፣ አበል። የትምህርት ክፍያ ሌላ ነው። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል፦ ከዋርድና ከማስተማር ነፃ ሆነው የሚቀመጡበት የራስዎ ጊዜ ዋጋ አለው። ሦስቱን የሚከፍሉት ሰጪዎች የተለያዩ ናቸውና አንዱን ከሌላው የሚጠይቅ ሰው መልሱን በመጀመሪያው ገጽ ያገኘዋል።

ይህን ከለዩ በኋላ ፍለጋውን ከጀርባ ይጀምሩት። በእርስዎ ርዕስ ላይ በቅርቡ የታተሙ አሥር ጽሑፎችን ያውርዱና መጨረሻቸውን ያንብቡ፤ ገንዘቡን ማን እንደሰጠ እዚያ ተጽፏል። ኤንአይኤች እየተባለ የሚጠራው የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ድርጅት «ሪፖርተር» የሚባል ለሁሉም ክፍት የሆነ የመረጃ ቋት አለው። የኢትዮጵያን ስም አስገብተው ቢፈልጉ ለማን፣ በምን ርዕስ፣ ስንት ዶላር እንደተሰጠ ይወጣልዎታል። ከዚያ ወዲያ የሚያሳድዱት ድርጅት ሳይሆን የሚያነጋግሩት ሰው አለዎት ማለት ነው፤ ምናልባትም ከእርስዎ ሁለት ሕንፃ አልፎ የሚሠራ።

ጽሑፎቹ በክፍያ የተቆለፉ ከሆኑ የዓለም ጤና ድርጅትና አሳታሚዎች በ2002 የጀመሩት፣ የሕክምና መጽሔቶችን የሚያስነብበው ሂናሪ ለኢትዮጵያ ተቋማት ክፍት ነው። የይለፍ ቃሉን የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኛ ይጠይቁ። ብዙ ጊዜ እርሱ ዘንድ አለ፤ የሚጠይቀው ሰው ነው የጠፋው።

የታተመ ሥራ የለኝም። ለጀማሪ የሚሰጥ ሰው አለ?

አለ። ትንሽ ነው፣ ትንሽነቱም ይጠቅማል። መጀመሪያ የራስዎን ቤት ያንኳኩ፤ ብዙዎቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ለመምህራኖቻቸው የውስጥ የምርምር ጥሪ ያወጣሉ። ብሩ አነስተኛ፣ አለቃቀቁም ትዕግሥት የሚፈታተን ነው። ሆኖም «ይህን ያህል ተቀብዬ፣ በጊዜው ጨርሼ፣ ሒሳቡን አወራርጃለሁ» የሚል አንድ መስመር ሲቪዎ ላይ መኖሩ ከሥልጠና ምስክር ወረቀት ክምር ይሻላል። ሰጪ የሚፈራው ሐሳብ የሌለውን ሰው አይደለም፤ ገንዘብ ይዞ ዝም የሚለውን ነው።

ከውጭ ካሉት ውስጥ በ1907 የተመሠረተው የብሪታንያ ንጉሣዊ የትሮፒካል ሕክምና ማኅበር ለጀማሪ ተመራማሪዎች እስከ 5,000 ፓውንድ የሚደርስ የአንድ ዓመት ድጋፍ ይሰጣል። ነርሶች ሲግማ ቴታ ታውን ይመልከቱ፤ በ1922 በአሜሪካ ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ስድስት የነርሲንግ ተማሪዎች የመሠረቱት ማኅበር ሲሆን ነርሶች ለሚመሩት ምርምር አነስተኛ ድጋፎች አሉት። ሴት ሳይንቲስቶች ደግሞ ጽሕፈት ቤቱ ጣሊያን ትሪየስት የሚገኘውን፣ በማደግ ላይ ያሉ አገሮች የሴት ሳይንቲስቶች ድርጅት የሆነውን ኦደብሊውኤስዲን ሊያልፉት አይገባም። ለዶክትሬት ወደ ሌላ ታዳጊ አገር ዩኒቨርሲቲ ለሚሄዱ ሴቶች ይከፍላል፤ ዶክትሬት ለጨረሱትም ለብቻው ፕሮግራም አለው።

በ1975 የተቋቋመው የዓለም ጤና ድርጅት የትሮፒካል በሽታዎች የምርምርና ሥልጠና ልዩ ፕሮግራም፣ በአጭሩ ቲዲአር፣ ሶርት ኢት የሚባል ሥልጠና አለው። ጤና ጣቢያው መዝገብ ላይ አቧራ ለብሶ ከተቀመጠው መረጃ ተነሥቶ እስከ ሕትመት የሚያደርስ ነው። አዲስ መረጃ ለመሰብሰብ ገንዘብ የሌለው ሰው ከዚህ የተሻለ መግቢያ በር አያገኝም።

ትልልቆቹስ? እነርሱ ዘንድ መግባት ይቻላል?

ይቻላል፤ ብቻውን ግን ጥቂት ሰው ነው የሚገባ። በኤንአይኤች ውስጥ በ1968 የተቋቋመው የፎጋርቲ ማእከል በተለይ እንደኛ ባሉ አገሮች ለሚገኙ ተመራማሪዎች ይሠራል። ኬ43 የሚባለው ድጋፉ በአገራቸው ተቋም በጀማሪ መምህርነት ወይም ተመራማሪነት ለተቀጠሩ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። በ1936 በሄንሪ ዌልካም ኑዛዜ የተመሠረተው የለንደኑ ዌልካም ትረስት ደግሞ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ካላቸው አገሮች በቀጥታ ማመልከቻ ይቀበላል፤ የእንግሊዝ አጋር ካልያዛችሁ አይልም። በ2003 የተጀመረውና ዛሬ በሦስተኛ ምዕራፉ ላይ ያለው የአውሮፓና የታዳጊ አገሮች የክሊኒካል ሙከራ አጋርነት፣ ኢዲሲቲፒ፣ በተላላፊ በሽታዎች ላይ ያተኩራል፤ ለአብዛኞቹ ጥሪዎቹም የብዙ አገር ተቋማት ተጣምረው መቅረብ አለባቸው።

እንደ አርማወር ሐንሰን ምርምር ኢንስቲትዩት ያሉ የአገር ውስጥ ተቋማትን እንደ ተፎካካሪ ሳይሆን እንደ ጥላ ይዩአቸው። ከአለርት ግቢ ውስጥ በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች ድጋፍ የተመሠረተው ይህ ተቋም ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ከውጭ ሰጪዎች ጋር ሲዋዋል ኖሯል። የሒሳብ አያያዙ፣ የላቦራቶሪው ጥራት፣ የውል ክፍሉ ሁሉ ተፈትኗል። ክልል ላይ ያለ ተመራማሪ ከእንዲህ ያለ ቤት ጋር ሲጣመር ያንን ሁሉ ከዜሮ መገንባት አይጠበቅበትም።

የአሜሪካ ገንዘብ ቆሟል ይባላል። እውነት ነው?

ግማሹ እውነት ነው። በጥር 2025 የአሜሪካ የውጭ እርዳታ ታገደ፣ የእርዳታ ድርጅቱ ዩኤስኤአይዲ ራሱ ሐምሌ 1 ቀን 2025 ሥራውን አበቃ። በእርሱ ገንዘብ የሚሠራው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናትም አብሮ ተመታ። ከ2000 ጀምሮ በኢትዮጵያ የተካሄዱትን እነዚህን ጥናቶች ስንት የማስተርስ ተማሪ እንደተመረቀባቸው የሚያውቅ ሰው ጉዳቱ ይገባዋል። ኤንአይኤች ግን ሌላ ድርጅት ነው፤ አልተዘጋም። በግንቦት 2025 ያስታወቀው ከአሜሪካ ተቋም ወደ ውጭ አገር ተቋም የሚተላለፈውን ንዑስ ድጋፍ በነበረው መልክ እንደማይቀጥልና አሠራሩን እንደሚለውጥ ነው። ብዙዎቻችን የምንሠራው በዚሁ በንዑስ ድጋፉ ስለነበር አጋርዎን «የእኛ ድርሻ በየትኛው መንገድ ነው የሚመጣው?» ብለው በግልጽ ይጠይቁት፤ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ።

ለማመልከት የእኔ ዩኒቨርሲቲ ምን ማሟላት አለበት?

እዚህ ላይ ልረዝም ነው፤ ብዙ ጥሩ ሐሳብ የሞተው እዚህ ስለሆነ።

ለአሜሪካ መንግሥት ድጋፍ የሚያመለክተው እርስዎ ሳይሆኑ ተቋምዎ ነው። ተቋሙ ሳም በሚባለው የአሜሪካ መንግሥት መዝገብ ላይ መመዝገብ፣ ዩኢአይ የተባለውን መለያ ቁጥር መያዝ፣ የውጭ ተቋም ስለሆነም ኤንኬጅ የሚባል ኮድ አስቀድሞ ማውጣት አለበት። የሳሙ ምዝገባ በየዓመቱ ይታደሳል። ከዚህ ሌላ በግራንትስ ዶት ጎቭና ኢራ ኮመንስ በሚባለው የኤንአይኤች ሥርዓት ላይም አካውንት ያስፈልጋል። አንዱ ሌላውን ስለሚጠብቅ ነገሩ ሁሉ ሳምንታት ይፈጃል።

ከዓመታት በፊት አንድ ተቋም ውስጥ ስሠራ እጅግ የተዋጣ ፕሮፖዛል ይዘን ነበር። ማስረከቢያው ሊደርስ ሲል ምዝገባችን ውድቅ ተደረገ። ምክንያቱ? በአንደኛው መዝገብ የተቋሙ ስም በእንግሊዝኛ የተጻፈበት ፊደል ከሌላኛው በአንዲት ሆሄ ይለያል። አድራሻም ጠየቁን፤ የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር። እኛ ደግሞ ግቢያችንን «ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ» ከማለት በቀር ሌላ ስም ሰጥተነው አናውቅም። ደብዳቤ ተጻፈ፣ ማኅተም ተፈለገ፣ ባለ ማኅተሙ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ቀኑ አለፈ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለውን ያን ሰሞን በደንብ ተማርኩት።

ስለዚህ ጥሪ ሳይወጣ፣ ሐሳብም ሳይኖርዎ፣ ዛሬ የምርምር ቢሮውን ሄደው ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ምዝገባችን አለ? መቼ ያበቃል? የይለፍ ቃሉ ማን እጅ ነው? የመጨረሻው ጥያቄ ቀልድ ይመስላል። የይለፍ ቃሉን ይዞ ወደ ካናዳ የሄደ ባለሙያ ያለበት ቢሮ አውቃለሁ።

ገንዘብ የሚያመጣ ርዕስ የትኛው ነው?

ጥያቄው ቢገለበጥ እመርጣለሁ፤ እርስዎ ብቻ ሊመልሱት የሚችሉት ጥያቄ የቱ ነው? በደጋው ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግራቸው በሚሄዱ ገበሬዎች ላይ የሚታየውን ፖዶኮኒዮሲስ የሚባለውን የእግር እብጠት ያስቡ። በወባ ትንኝ አይመጣም፣ በትልም አይመጣም፣ ለዓለም ገበያም መድኃኒት የሚሸጥበት በሽታ አይደለም። ኢትዮጵያውያንና እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች ግን ለዓመታት ያዙት፤ ዌልካም ትረስት ደገፋቸው። በ2012 በሽታው ከአንዳንድ የዘር ቅንጣቶች ጋር ያለውን ግንኙነት ያሳየው ጥናት ከዓለም ታላላቅ የሕክምና መጽሔቶች በአንዱ ላይ ታተመ። ማንም ሎንዶን ላይ ተቀምጦ ሊሠራው የማይችል ሥራ ስለነበር ገንዘቡ ወደዚህ መጣ።

ሌላው ቡታጅራ ነው። በ1986 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ በስዊድን መንግሥት ድጋፍ በጥቂት ቀበሌዎች ውስጥ ልደትን፣ ሞትንና የቤት ለውጥን ያለማቋረጥ መመዝገብ ጀመሩ። ሥራው ደብተር ይዞ ከቤት ቤት መዞር ነው፤ ከሩቅ ሲያዩት የሚያጓጓ ነገር የለውም። ያ መዝገብ ካለ በኋላ ግን የአእምሮ ጤና አጥኚው፣ የእናቶች ጤና አጥኚው፣ የሕፃናት በሽታ አጥኚው ሁሉ የራሱን ጥያቄና የራሱን ገንዘብ ይዞ መጣ፤ በርካታ ዶክትሬቶችም ከዚያ ወጡ። ገንዘብ መረጃ ወዳለበት ይሄዳል። ሆስፒታልዎ ውስጥ ለአምስት ዓመት በጥንቃቄ የተያዘ አንድ መዝገብ ካለ፣ የአራስ ሕፃናት ክፍልም ይሁን የቃጠሎ፣ ከብዙ ፕሮፖዛል የሚበልጥ ሀብት በእጅዎ አለ።

በየዓመቱ ሃምሳ ጊዜ የሚቀርበው «የዚህ በሽታ ስርጭትና ተያያዥ ምክንያቶች በዚህ ከተማ» የሚለው ርዕስ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ገምጋሚን ያስተኛል።

ነርስ ነኝ። «ምርምር የሐኪም ሥራ ነው» ይሉኛል።

ተሳስተዋል። አልጋ ላይ የዋለ ሕመምተኛ ጀርባው እንዴት እንደሚቆስል፣ ተረኛ ሲቀያየር የትኛው መረጃ እንደሚጠፋ፣ መናገር ለማይችል ሰው ሕመሙ እንዴት እንደሚለካ ከነርስ በላይ ያየ የለም። እነዚህ የነርሲንግ ጥያቄዎች ናቸው፤ በርካሽ ይጠናሉ፣ ውጤታቸው በማግስቱ ዋርድ ውስጥ ይሠራል። ፕሮፖዛሉ ላይ ዋና ተመራማሪ ተብሎ የሚጻፈው ስም የእርስዎ መሆኑን ብቻ አደራ። ሐሳቡንም መረጃውንም አምጥተው በአራተኛ ስም የቀሩ ነርሶችን አውቃለሁ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሲያመለክቱ የሚያሳዩት ነገር አልነበራቸውም።

የሥነ ምግባር ፈቃድ መቼ ላውጣ?

ብዙ ሰጪዎች ሲያመለክቱ አይጠይቁም፤ ገንዘብ ሲለቁ ግን ያለ እርሱ ሳንቲም አያወጡም። የተቋምዎ ገምጋሚ ቦርድ ለአብዛኛው ጥናት ይበቃል። የውጭ አጋር ካለበት፣ ናሙና ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነ ወይም መድኃኒት የሚሞከር ከሆነ ብሔራዊው ገምጋሚ ኮሚቴም ይገባበታል፤ ለመድኃኒት ሙከራ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ይጨመራል። ናሙና ያለ ስምምነት ውል ከአገር አይወጣም። ይህን ጊዜ በሥራ መርሐ ግብርዎ ውስጥ በወራት ይያዙት።

በጀት ስሠራ ምን ልጠንቀቅ?

ማሳነስን። ትሑት በጀት ያስመርጣል ብሎ የሚያምን ሰው ብዙ ነው። ገምጋሚው ግን ሁለት ሺህ ቤት በአምስት ሰው፣ በሁለት ሳምንት፣ ያለ መኪና እጎበኛለሁ የሚል ሲያይ ሥራውን እንደማያውቁት ነው የሚረዳው። የመረጃ ሰብሳቢ አበል፣ የተቆጣጣሪ አበል፣ የወረዳ መሪ፣ የመድን ዋስትና፣ የሕትመት ክፍያ፣ የኦዲት ክፍያ ሁሉም ይጻፍ። ዩኒቨርሲቲው ለአስተዳደር የሚቆርጠውን መቶኛ አስቀድመው ይወቁ፤ ሰጪው ከሚፈቅደው በላይ ከሆነ ልዩነቱ የሚወጣው ከእርስዎ ሥራ ላይ ነው።

የምንዛሪ ነገርም አለ። በሐምሌ 2024 መጨረሻ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ጥቂት ቆይቶ ከመቶ አለፈ። በዶላር የተዋዋሉ ሰዎች በብር የበዛ ገንዘብ አገኙ፣ ከውጭ ዕቃ ለማስመጣት በብር በጀት የያዙት ደግሞ ግማሽ መንገድ ላይ ቀሩ። ከውጭ የሚገዛውን በውጭ ምንዛሪ፣ እዚህ የሚከፈለውን በብር ለይተው ያስሉ፤ የትኛውን የምንዛሪ ተመን፣ በየትኛው ቀን እንደተጠቀሙም ከሥር ይጻፉ።

ሰው ከፍዬ ፕሮፖዛል ላስጽፍ?

አይሆንም። ቃለ መጠይቅ ሲመጣ የሚቀርቡት እርስዎ ነዎት።

በኢትዮጵያ ነርሲንግ መማር እፈልጋለሁ፣ ከደረጃ 4 ወደ ዲግሪ ማሳደግም እፈልጋለሁ። ማን ይከፍልልኛል?

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በመደበኛው መርሐ ግብር ከገቡ ከ2003 ጀምሮ ያለው የወጪ መጋራት ሥርዓት ነው የሚመለከትዎ፤ አሁን ይማራሉ፣ ሥራ ሲይዙ ይከፍላሉ። አስቀድሞ ማወቅ የሚገባው ነገር፣ ዕዳው ካልተዘጋ ወይም የሚጠበቀው አገልግሎት ካልተጠናቀቀ ኦሪጅናል ዲግሪው አይለቀቅም። ለውጭ ስኮላርሺፕ ሰነድ ሲጠየቁ የሚደነግጡት ብዙዎች ከዚህ የተነሣ ነው። ሥራ ላይ ያለ ሰው መጀመሪያ የጤና ቢሮውን የሰው ሀብት ክፍል ስለ ትምህርት ዕድል ኮታ ይጠይቅ፤ ኮታው ይመጣል፣ በጸጥታ ይሞላል፣ ማስታወቂያው ኋላ ላይ ይለጠፋል።

አዋላጅነት ለሚፈልጉ በ2007 የተከፈተው የሐምሊን የአዋላጆች ኮሌጅ ልዩ ነው። ከገጠር ወጣቶችን መልምሎ፣ ወጪያቸውን ችሎ አስተምሮ፣ ወደ መጡበት አካባቢ ይመልሳቸዋል። ከአዋላጅ ርቀው ወልደው ፊስቱላ የደረሰባቸውን እናቶች ሲያክም የኖረ ሆስፒታል ያሰበው መፍትሔ ስለሆነ የመመለስ ግዴታው የውል ማጌጫ አይደለም።

ለማስተርስ ከሚመጡት ውስጥ የብሪታንያው ቼቭኒንግ ለኢትዮጵያውያን ክፍት ነው፤ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ ሲጨርሱ ቢያንስ ሁለት ዓመት ወደ አገርዎ መመለስ ይኖርብዎታል። የዋርድ ነርስ ሰዓቱን በሁለት ዓመት ይሞላዋል። የአሜሪካው ፉልብራይትም አለ፤ ሕመምተኛን በቀጥታ ማከም ላለበት ሥልጠና ግን አይከፍልም፤ ለኅብረተሰብ ጤና ሊያስቡት ይችላሉ። በየዓመቱ ሰዎች የሚደክሙበት የኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕ ደግሞ ለእኛ አይደለም፤ ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል አይደለችም። ይህችን አንድ ዓረፍተ ነገር ባለማወቅ ሁለት ሳምንት ያባከነ ባልደረባ ነበረኝ።

አሜሪካ ነው የምኖረው፤ በነርስ ረዳትነት እየሠራሁ አርኤን፣ ማለትም ሙሉ ፈቃድ ያላት ነርስ፣ መሆን እፈልጋለሁ።

መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎ፦ ኢትዮጵያ ውስጥ ነርስ ነበሩ? ከሆነ ትምህርት ቤት ከመግባትዎ በፊት ሰነድዎን የውጭ ነርሶችን ማስረጃ በሚገመግመው በሲጂኤፍኤንኤስ (አሁን ትሩሜሪት ይባላል) ያስገምግሙና የሚኖሩበትን ግዛት የነርሲንግ ቦርድ ይጠይቁ። ትምህርቱ ከበቃ የሚቀርዎት ኤንክሌክስ የሚባለው የነርስነት ፈቃድ ፈተና ነው እንጂ ሌላ ዲግሪ አይደለም። የጎደለ ኮርስ ቢኖር እንኳ እርሱን ብቻ መሙላት እንደ አዲስ ከመጀመር ይረክሳል።

ከባዶ የሚጀምሩ ከሆነ፣ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለዎት ከሆኑ፣ ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ ቅጽ ይሙሉ። በዲቪ የመጣም እዚህ ውስጥ ይገባል። በዚሁ ቅጽ የሚጠየቀው የፌዴራል ድጋፍ፣ ፔል ግራንት፣ ለ2025–26 የትምህርት ዘመን እስከ 7,395 ዶላር ይሰጣል፣ አይመለስም። በኮሚኒቲ ኮሌጅ ክፍያው ዝቅ ስለሚል ይህ ብዙ ርቀት ያስኬዳል። አንድ ወጥመድ ግን አለ፤ የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ሰው ፔል አያገኝም፣ ዲግሪው ከጎንደርም ይሁን ከጅማ። ቅጹ ላይ መደበቅ ደግሞ የፌዴራል መንግሥትን መዋሸት ነው፤ ማንም «ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው» ቢልዎት አይስሙ።

የመጀመሪያ ዲግሪ ላለው ሰው የአሜሪካ መንግሥት የኔርስ ኮር ስኮላርሺፕ ይሻላል። የትምህርት ክፍያውንና ወርኃዊ መተዳደሪያ ይሰጣል፤ በምትኩ ነርስ በሚጎድልበት ተቋም ቢያንስ ሁለት ዓመት ያገለግላሉ። ውሉን ካፈረሱ ገንዘቡ ከነወለዱ ይመለሳል። ተምረው ዕዳ ውስጥ ያሉ ነርሶች ደግሞ በዚያው ፕሮግራም የዕዳ ክፍያ ዘርፍ በሁለት ዓመት አገልግሎት 60 በመቶውን፣ ሦስተኛ ዓመት ቢጨምሩ ሌላ 25 በመቶ ማስከፈል ይችላሉ። የሚሠሩበትን ሆስፒታል ወይም የአረጋውያን መንከባከቢያም ይጠይቁ፤ አሠሪ በዓመት እስከ 5,250 ዶላር የትምህርት ክፍያ ከግብር ነፃ ሊሸፍንልዎ ይችላል። የሌሊት ፈረቃ እየሠሩ ይህን ሳይጠይቁ የኖሩ ብዙ ናቸው።

ጀርመን በነፃ ያስተምራል ይባላል። ደላላው ግን ገንዘብ ጠየቀኝ።

አውስቢልዱንግ የሚባለው የሦስት ዓመት የነርስነት ሥልጠና የትምህርት ክፍያ የለውም፤ እንዲያውም ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ በወር ከ1,000 ዩሮ በላይ ይከፈልዎታል። ከ2020 ጀምሮ ሥልጠናው የሕፃናት፣ የአዋቂና የአረጋውያን ነርስነትን አንድ አድርጎታል። የሚያስወጣዎት ቋንቋው ነው፤ በጀርመንኛ ቢያንስ ቢ1 የሚባለው ደረጃ፣ ብዙ ቀጣሪ ዘንድም ከፍ ያለው ቢ2። ለጀርመንኛ ትምህርት መክፈል ተገቢ ነው። «ቦታ አስይዤልሃለሁ» ለሚል ሰው ግን የሚከፈል ነገር የለም፤ ከሆስፒታሉ የተፈረመ የሥልጠና ውል በስምዎ ያሳይዎት።

አጭበርባሪውን በምን ልለየው?

ሊሰጥዎ የመጣ ሰው አስቀድሞ ከጠየቀ ነው። ከላይ የጠቀስኳቸው ድጋፎች አብዛኞቹ የማመልከቻ ክፍያ የላቸውም። ያላመለከቱበት ድጋፍ «ደርሶዎታል» ሲባል፣ የኢሜይሉ አድራሻ የድርጅቱ ሳይሆን የጂሜይል ሲሆን፣ ፓስፖርትና የባንክ ሒሳብ በመጀመሪያው መልእክት ሲጠየቅ ይዝጉት።

ውጭ የምንኖር ነን፤ እኛ ሰጪ መሆን እንፈልጋለን። ከየት እንጀምር?

ይህ ጥያቄ ሲመጣ ልዕልት ፀሐይ ትዝ ትለኛለች። አባቷ አፄ ኃይለ ሥላሴ በስደት እንግሊዝ ሳሉ ለንደን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተምራ ጨረሰች። ወደ አገሯ ተመልሳ በ1942፣ ገና በወጣትነቷ፣ ወለጋ ውስጥ ሞተች። የኢትዮጵያ ወዳጅ የነበረችው እንግሊዛዊት ሲልቪያ ፓንክረስት በልዕልቷ ስም ብሪታንያ ውስጥ ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመረች፤ ዓመታት ፈጀ፤ በ1951 የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ፣ ባለሙያም ይሠለጥንበት ነበር። ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የምንለው ነው። ሰጪዎቹ ባብዛኛው አገራችንን አይተዋት የማያውቁ ሰዎች ነበሩ።

እናንተ ታውቋታላችሁ፣ ስለዚህ ከዚያ የተሻለ መምረጥ ትችላላችሁ። የአንዲት ተማሪ ክፍያ መሸፈን ደግ ነገር ነው፤ በነርሲንግ ትምህርት ቤቶቻችን የሚያንሰው ግን ብዙ ጊዜ ተማሪ ሳይሆን መለማመጃው ነው። ስድሳ ተማሪ በአንድ የተሰበረ ክንድ ባለው አሻንጉሊት ላይ መርፌ ይለማመዳል። ሠልጣኙን ሆስፒታል ውስጥ ቆሞ የሚያሳየው መምህርም ትርፍ ሰዓት አይከፈለውም። ከመላካችሁ በፊት የክፍሉን ኃላፊ ጠይቁ፣ የምትልኩትን ዕቃ መለዋወጫ አብራችሁ አስቡ፣ የጉምሩክ ነፃ ደብዳቤም ዕቃው ሳይጫን ይውጣ። ወደብ ላይ ሲከርም ኪራዩ ከዕቃው ዋጋ ይበልጣል።

ውድቅ ተደረግሁ። ልተወው?

የገምጋሚዎቹን አስተያየት ሦስት ቀን አያንብቡት፤ ከዚያ ያንብቡት። «ርዕሱ አስፈላጊ ነው፣ ዘዴው ግን ግልጽ አይደለም» ካሉ በሩ አልተዘጋም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ እንዶድ ታጥቦበት በሚወርድ ውኃ ውስጥ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይቶ የቢልሃርዝያን ማስተላለፊያ የሚያጠፋ ነገር አገኘ። ሆኖም የእንዶድ ደኅንነት በዓለም አቀፍ ደረጃ በታወቀ ላቦራቶሪ ካልተመረመረ ተባለ፤ ያንን የሚከፍል ለማግኘት ዓመታት ለመነ። እርሱና ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ለዚህ ሥራ ዓለም አቀፉን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ያገኙት በ1989 ነበር፤ ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ። ቁጣውን እጋራዋለሁ። ግን ትምህርቱንም አልጥለውም፤ የላቦራቶሪዎ የጥራት ማረጋገጫ ከሌለ በጀቱ ውስጥ ይግባ።

ገንዘቡ ተፈቀደ! አሁንስ?

እንኳን ደስ ያለዎት። ደስታው ሳይበርድ ከፋይናንስ ክፍሉ ጋር ይቀመጡ። የተለየ የባንክ ሒሳብ ይከፈት፣ ግዢ በማን በኩል እንደሚሄድ ይወሰን፣ የሪፖርት ቀኖች ግድግዳ ላይ ይለጠፉ። የደረሰኝ ጉዳይ ደግሞ ከመውጣትዎ በፊት ይለቅ። መንገድ በማይገባበት ቀበሌ በቅሎ የሚያከራይ ገበሬ ደረሰኝ የለውም፤ የለንደኑ ኦዲተር ይህን በራሱ አያውቅም። የተከራዩ ስም፣ ቀኑ፣ ርቀቱ፣ ብሩ፣ የአከራዩ አሻራና የቀበሌው ማኅተም ያለበት ቅጽ አዘጋጅተው ሰጪውን በጽሑፍ ያስፈቅዱ። ቅጹን በሁለት ቅጂ ይዘው ይውጡ፤ የማኅተም ቀለምም ይያዙ፣ እዚያ ደርቆ ነው የሚጠብቅዎ።